አቤት የሚባልበት ደጅ የጠፋባቸው ገበሬዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ የአሜሪካዊውን ደራሲ የጆን ስታይንቤክን ታላቅ ልብ ወለድ «የቁጣው የወይን ዘለላ»ን (The Grapes of Wrath) በአጭሩ አስተዋውቀን ነበር። በኦክላሆማ በጢሰኝነት ያርስ የነበረው የጆድ ቤተሰብ በ1930ዎቹ ከእርሻው ተነቅሎ፣ ያለውን ሁሉ በአንዲት አሮጌ መኪና ላይ ጭኖ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሰደድበት፣ በ1939 የታተመ ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል መጽሐፉን የሚመለከቱትን መርጠን እንመልሳለን። ለይተን ካላመለከትን በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጆዶችን ከመሬታቸው ያስነሣቸው ድርቅ ነው ወይስ ባንክ? አባቴ በጭላሎ ጢሰኛ ነበሩ፤ ባለመሬቱ ትራክተር ባስገባ ጊዜ ተነሥተዋል። መጽሐፉን ሳነብ የእሳቸውን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ተሳስቼ ይሆን? (ከአሰላ)

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ አንድ ልዩነት ግን አለና መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን። መጽሐፉ በአቧራ ይከፈታል። በቆሎው በቁሙ ደርቋል፣ ፀሐይዋ በአቧራው መካከል ቀልታ ትታያለች፣ ሴቶቹ ከቤት ወጥተው ከባሎቻቸው ጎን ይቆሙና ሰውየው ልቡ ተሰብሮ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን በስርቆት ያጠናሉ። የወንዶቹ ፊት ከመፍዘዝ ወደ ቁጣ ሲለወጥ ባዩ ጊዜ ሴቶቹ እፎይ ይላሉ፤ የተቆጣ ሰው ገና አልተሰበረምና። ይህ መክፈቻ እጅግ ከመሳቡ የተነሣ ብዙ አንባቢ ታሪኩን የድርቅ ታሪክ አድርጎ ይይዘዋል።

ቤተሰቡ የሚኖርበት ሳሊሶ ግን በኦክላሆማ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከአርካንሳስ ወሰን አጠገብ የሚገኝ አገር ነው። በዚያ ዘመን አፈሩን ጠራርጎ የወሰደው የአቧራ ማዕበል ዋና መናኸሪያው ከዚያ በስተ ምዕራብ ርቆ፣ በኦክላሆማ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በሰሜን ቴክሳስ፣ በምዕራብ ካንሳስና በምሥራቅ ኮሎራዶ ነበር፤ «ጥቁር እሑድ» የሚል ስም የቀረለት የኤፕሪል 14 ቀን 1935 ማዕበልም የተነሣው በዚያው ወገን ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የቦታ ስሕተት ለስታይንቤክ ይቅር አላሉትም። ለእኛ ግን ስሕተቱ ራሱ መልስ ይሰጠናል። በምሥራቅ ኦክላሆማ ጢሰኛውን የነቀለው ከአቧራው ይልቅ የጥጥ ዋጋ መውደቅ፣ ከዓመት ዓመት የሚንከባለል ዕዳ፣ በጥጥ ብዛት የተሟጠጠ መሬት፣ እንዲሁም የ1933ቱ የእርሻ ሕግ ነው። ሕጉ ዋጋ እንዲያንሠራራ ጥጥ የሚዘራበትን መሬት ለሚቀንስ ሰው ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚገባው ግን ለባለመሬቱ እጅ ሲሆን፣ ባለመሬቱም ጢሰኛውን አስነሥቶ በተከፈለው ገንዘብ ትራክተር መግዛት ይችል ነበር። በልብ ወለዱ እንደሚነገረው አንድ ሰው በትራክተር ላይ ተቀምጦ የ12 ወይም የ14 ቤተሰብ ሥራ ይሠራል።

የመጽሐፉ እምብርት ነው ብለን የምናምነውን ትዕይንት የምናገኘው በአምስተኛው ምዕራፍ ነው። ትራክተሩ የጢሰኛውን ግቢ ሊያርስ ይመጣል። ነጂው መነጽሩንና የአፍ መሸፈኛውን ሲያወልቅ የጎረቤት ልጅ ሆኖ ይገኛል፤ በቀን ሦስት ዶላር ይከፈለዋል፣ ቤቱንም ገጭቶ ቢያፈርስ ሁለት ዶላር ያህል ይጨመርለታል። ጢሰኛው «ቤቴን ከነካህ እተኩስብሃለሁ» ይለዋል። ልጁ እኔን ብትገድል ሌላ ነጂ ይመጣል፣ ያዘዘኝ ሌላ ነው ይላል። ጢሰኛው እንግዲያው ያዘዘህን እገድላለሁ ሲል፣ እሱንም ባንክ አዘዘው የሚል መልስ ያገኛል። ባንኩ አለቃና ቦርድ የለውም ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ባንኩም ትእዛዝ የሚቀበለው ከምሥራቅ ነው ይባላል። ሰውየው ጠመንጃውን እንደ ያዘ «ታዲያ ማቆሚያው የት ነው? ማንን ልተኩስ?» ብሎ ይቀራል፤ ልጁም ምናልባት የሚተኮስበት ሰው የለ ይሆናል ይለዋል። ከዚያ ትራክተሩ የቤቱን ጥግ ገጭቶ ያልፋል።

ልዩነት አለ ያልነው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ጢሰኛ የእኩል ይረስ የሲሶ፣ ባለርስቱን በስም ያውቀዋል፤ ደጁንም ያውቀዋል። ሽማግሌ ይልካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከእግሩ ሥር ይወድቃል፣ ደጅ ይጠናል፤ ይህ ሁሉ ካልሆነለት ከዳኛ ወደ ዳኛ አቤት እያለ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርሳል። ፍትሕ ያገኝ ነበር ለማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አያገኝም። ግን የሚያለቅስበት ደጅ ነበረው። የኦክላሆማው ጢሰኛ የተነፈገው ከመሬቱ ጋር ይህንኑ ደጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጭላሎ የተሻሻለ ዘርና ትራክተር ሲገባ፣ ባለመሬቶች «ራሴ አርሳለሁ» እያሉ ጢሰኞቻቸውን ማስነሣታቸው ከጆዶች ታሪክ ጋር የሚመሳሰል መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም አባትዎ ያስነሣቸውን ሰው ፊት ያውቁ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ጢሰኝነትን ሽሮታል። ለጆዶች እንዲህ ያለ አዋጅ አልመጣላቸውም፤ የነበራቸው መንገዱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የመጽሐፉን ርእስ «የቁጣ ወይን» ብለው የሚጽፉ አሉ። ይህ ትክክል ነው? (ከጎንደር፣ የአማርኛ መምህር)

መልስ፦ ለዦሮ ያምራል፣ ግን ያሳስታል። ርእሱ የተወሰደው ጁሊያ ዋርድ ሃው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከጻፈችው መዝሙር ሲሆን፣ እንዲወሰድ ሐሳብ ያቀረበችው የደራሲው ሚስት ካሮል ናት። የመዝሙሩ ምንጭ ደግሞ የዮሐንስ ራእይ 14ኛ ምዕራፍ ነው። በዚሁ ምዕራፍ በአንድ በኩል በጽዋ ተቀድቶ የሚጠጣ የቁጣ ወይን ጠጅ አለ (ቁጥር 10)፤ በሌላ በኩል ፍሬው በስሎ ማጭድ የሚጠብቅና ወደ ቁጣው መጥመቂያ የሚጣል የወይን ዘለላ አለ (ከቁጥር 18 ጀምሮ)። «ወይን» በአማርኛችን መጠጡንም ዛፉንም ፍሬውንም ስለሚጠራ፣ «የቁጣ ወይን» ሲባል አንባቢው የሚያስበው የተቀዳውን ነው። ስታይንቤክ ግን ያሰበው ገና ዛፉ ላይ ያለውን፣ እየበሰለና እየከበደ የሚሄደውን ነው። በ25ኛው ምዕራፍ ዋጋ እንዳይወድቅ ሲባል የተከመረ ብርቱካን ጋዝ ይረጭበታል፣ ድንች ወንዝ ውስጥ ይጣላል፣ ርቦት ሊለቅም የመጣውን ሰው የሚመልስ ጠባቂም ይቆማል፤ የመጽሐፉ ርእስ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ በሕዝቡ ነፍስ ውስጥ ዘለላው እየሞላ፣ ለለቀማ እየከበደ ነው ይላል። ስለዚህ ምንም ቢረዝም «የቁጣው የወይን ዘለላ» የሚለውን እንመርጣለን።

ስለ ስሞች ከተነሣ አይቀር፣ አማርኛ አንባቢ ከእንግሊዝኛው አንባቢ ቀድሞ የሚያውቀው አንድ ስም አለ። የጆዶች ነፍሰ ጡር ልጅ ቤተሰቡ አሳጥሮ «ሮዛሻርን» የሚላት፣ በመኃልየ መኃልይ ያለችው የሳሮን ጽጌረዳ ናት። በአንጻሩ ሰባኪነቱን ትቶ ከቤተሰቡ ጋር የሚጓዘው ጂም ኬሲ፣ በእንግሊዝኛ የስሙ መነሻ ፊደሎች ከኢየሱስ ክርስቶስ ስም መነሻ ፊደሎች ጋር አንድ ናቸው፤ ይህ በፊደላችን ይጠፋል። ግድ የለም፤ ሲገድሉት «የምታደርጉትን አታውቁም» ብሎ መሞቱ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ ከሜምፊስ ወደ ካሊፎርኒያ በአይ-40 እመላለሳለሁ። ጆዶች የተጓዙበት መንገድ አሁን አለ? (ከቴነሲ)

መልስ፦ አብዛኛውን ሳያውቁት እየነዱበት ነው። አርካንሳስን ጨርሰው ኦክላሆማ እንደ ገቡ የሚያገኟት ሳሊሶ የጆዶች አገር ናት። እነሱ ከዚያ በትናንሽ መንገዶች ኦክላሆማ ሲቲ ደርሰው፣ ስታይንቤክ የመንገዶች እናት ብሎ የጠራውን 66 ቁጥር መንገድ ይይዛሉ። 66 ቁጥር በ1985 ከአውራ ጎዳናዎች መዝገብ ተሠርዟል፤ ከኦክላሆማ ሲቲ እስከ ባርስቶ ድረስ ቦታውን የያዘው እርስዎ የሚነዱበት አይ-40 ነው። ከባርስቶ በ58 ቁጥር ወደ ቤከርስፊልድ ጭነው ከሄዱ፣ ጆዶች የሞሃቪን በረሃ አቋርጠው በቴሃቻፒ የወጡበትን መንገድ ደገሙት ማለት ነው።

ከኦክላሆማ ሲቲ እንደ ወጡ ቤተኒ የምትባል ከተማ አለች። አያት ጆድ የመጀመሪያው ምሽት ላይ በዚያ አካባቢ ይሞታሉ። ቀባሪ ተጠርቶ በሕግ ይቀበሩ ቢባል 40 ዶላር ያስወጣል፤ ያለዚያ የድኻ ቀብር ነው። ቤተሰቡ ገንዘቡን ቆጥሮ በሌሊት ራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል። አንድ ቀን አስከሬኑ ቢገኝ ሰው ገደላቸው እንዳይባል፣ በሽታ እንደ ገደላቸውና ዘመዶቻቸው ለቀብር የሚከፍሉት አጥተው እንደ ቀበሯቸው በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ ከመዝሙረ ዳዊት ኃጢአቱ ስለ ተከደነችለት ሰው የሚለውን ቃል (በእኛ ቁጥር 31ኛው መዝሙር ነው) ጨምረው፣ በክዳን ማሰሮ አድርገው ከጎናቸው ያኖሩታል። አያትዮዋም የባላቸውን መንገድ አልራቁም። የሞሃቪን በረሃ በሌሊት ሲያቋርጡ፣ ፈታሾች መኪናውን አስቁመው ዕቃ አውርዱ ይላሉ፤ እናት ጆድ «አሮጊቷ በጠና ታመዋል፣ ሐኪም ዘንድ ማድረስ አለብን» ብላ ትለምናቸዋለች። ፈታሹ በባትሪ አይቶ ያሳልፋቸዋል። ሲነጋ ከቴሃቻፒ ቁልቁል ለምለሙ ሸለቆ ተዘርግቶ ሲታይ፣ ሁሉም በደስታ አፉን ከፍቶ ሲቆም፣ እናት ከመኪናው ወርዳ አያትዮዋ ከፍተሻው በፊት እንደ ሞቱ ትናገራለች። ሌሊቱን ሙሉ ከሬሳ ጋር ተኝታ ያለፈችው ቤተሰቡ ሸለቆውን እንዲደርስ ነው። ጠያቂያችን ያን ዳገት ሲወጡ ይህን ቢያስታውሱ ደስ ይለናል።

ጆዶችን ወደዚያ የጠራቸው ለቀማ ሠራተኛ እንፈልጋለን የሚል ብጫ ወረቀት ነበር። በመንገድ ላይ ያገኙት፣ ልጆቹ በረሃብ የሞቱበት አንድ ተመላሽ ሰው ስሌቱን ያስረዳቸዋል፦ አሠሪው የሚያስፈልጉት 800 ሠራተኞች ናቸው፣ 5,000 ወረቀት ያሳትማል፣ 20,000 ሰው ያየዋል፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ሺሕ ይነሣል። ለ800 ቦታ ሦስት ሺሕ የተራበ ሰው ሲጋፋ የቀን ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። በደላላ ቃል ዐረብ አገር ደርሰው የተመለሱ አንባቢዎቻችን ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ ያነቡታል ብለን እንገምታለን።

ጥያቄ፦ ስለ ቤተሰቡ የማያወሩትን ምዕራፎች ብዘላቸው ታሪኩ ይጎድልብኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ታሪኩ አይጎድልም፤ መጽሐፉ ግን ይጎድላል። ከ30ው ምዕራፎች ግማሽ ያህሉ የሚያወሩት ስለ ቤተሰቡ ሳይሆን ስም ስለሌላቸው ሰዎችና ነገሮች ነው፤ መንገዱ፣ መኪና ሻጩ፣ አንዲት ኤሊ። ቢያንስ 15ኛውን አይዝለሉ። በመንገድ ዳር ሻይ ቤት አንድ ስደተኛ ሁለት ልጆቹን ይዞ ገብቶ የአሥር ሳንቲም ዳቦ ይለምናል፤ ዳቦው 15 ሳንቲም ነው። አስተናጋጇ አይቆረስም ብላ ትግደረደራለች፤ ከጓዳ ባለቤቱ ስጪው ብሎ ይቆጣታል። ሰውየው በቀረችው አንዲት ሳንቲም ልጆቹ ያፈጠጡበትን ከረሜላ ዋጋ ሲጠይቅ፣ «ሁለቱ በአንድ ሳንቲም» ትለዋለች። ከወጡ በኋላ የከባድ መኪና ሾፌር «ከረሜላው አንዱ አምስት ሳንቲም ነው» ይላታል። የዘለለው አንባቢ ይህን ውሸት አያገኘውም።

ጥያቄ፦ ስታይንቤክ ያየውን ነው የጻፈው ወይስ ፈጥሮ? መጽሐፉ ተቃጥሏል የሚባለውስ እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ደራሲው ራሱ በዚያው በካሊፎርኒያ በሳሊናስ በ1902 የተወለደ ነው። በ1936 ስለ ተፈናቃዮቹ ሰባት ተከታታይ ጽሑፎች ለሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ጽፏል፤ በቤከርስፊልድ አጠገብ በአርቪን የነበረውን የመንግሥት የስደተኞች መጠለያ ያስተዳድር የነበረው ቶም ኮሊንስ መንገድ መርቶታል፣ ዘገባዎቹንም ሰጥቶታል። የመጽሐፉ መታሰቢያነት ለሚስቱና ለእሱ የሆነውም ለዚህ ነው። በ1938 መጀመሪያ ቫይሴልያ አካባቢ በጎርፍ ተከበው የሚራቡ ቤተሰቦችን አይቷል፤ በዚያው ዓመት ከግንቦት መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ በአምስት ወር ውስጥ መጽሐፉን ጨርሷል። ጆዶች ግን ልብ ወለድ ናቸው።

መጽሐፉ መዲናው ቤከርስፊልድ በሆነው በከርን አውራጃ በኦገስት 1939 በአውራጃው ምክር ቤት 4 ለ 1 ድምፅ ከቤተ መጻሕፍትና ከትምህርት ቤት ታግዷል፤ በከተማውም ለፎቶግራፍ ሲባል ተቃጥሏል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግሬቸን ኒፍ እገዳውን በጽሑፍ ተቃውማለች። እገዳው የተነሣው በ1941 ነው። መጽሐፉ ደግሞ በ1940 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ ደራሲውም በ1962 ኖቤል ተሸለመ።

እኛን የሚቆጨን ሌላ ነገር ነው። ሳኖራ ባብ የምትባል፣ ራሷ ከኦክላሆማ የወጣች ደራሲ፣ በዚያው በኮሊንስ መጠለያዎች ስትሠራ የያዘችው ማስታወሻ በኮሊንስ በኩል ስታይንቤክ እጅ ገብቷል። እሷም ስለ እነዚሁ ሰዎች የራሷን ልብ ወለድ ጽፋ ለአንድ ትልቅ አሳታሚ አቅርባ ነበር፤ የስታይንቤክ መጽሐፍ ገበያውን ስለ ያዘው ግን የእሷ ቀረ። ያ መጽሐፍ የታተመው በ2004፣ ከመሞቷ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። በዚያው ሸለቆ ከጆዶች በፊት ለአሥርተ ዓመታት ሲለቅሙ የኖሩት ሜክሲካውያንና ፊሊፒናውያንም በልብ ወለዱ ውስጥ ቦታ አላገኙም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ታነበው ዘንድ ሰጧት፤ መጨረሻውን አይቼ አፈርኩ። ደራሲው ምን ሊል ነው? (ከአዲስ አበባ፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ ያላነበበው እንዲከተለን በአጭሩ እንንገር። ጎርፍ የቤተሰቡን መጠለያ ይከባል፤ ሮዛሻርን ሕይወት የሌለው ልጅ ትወልዳለች፤ አጎት ጆን ሕፃኑን በፖም ሳጥን አድርጎ በጎርፉ ላይ ይሰደዋል፤ በደንገል ሣጥን የተጣለው ሙሴ የዳነበት ውኃ ለዚህ አልሆነም። ቤተሰቡ ዝናቡን ሸሽቶ ከአንድ ጎተራ ሲገባ፣ ልጁን ለማብላት ስድስት ቀን ያልበላ ሰው ሊሞት ያጣጥራል። እናትና ልጅ ይተያያሉ። ልጅቱ ለልጇ የመጣውን ወተት ለማታውቀው ሰው ታጠባዋለች።

የመጽሐፉ አርታዒ ይህ መደምደሚያ እንዲቀየር፣ ቢያንስ ሰውየው አስቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር የሚተዋወቅ እንዲሆን ለምኖ ነበር። ስታይንቤክ እንቢ አለ፤ ሰውየው ባዕድ መሆን አለበት፣ ድንገት መሆን አለበት ብሎ። ወይዘሮ ጠያቂያችን ይህን ነገር ከእኛ ልማድ ጋር ቢያስተያዩት ኀፍረቱ የሚቀልልዎ ይመስለናል። በሀገራችን ጡት መጣባት ባዕዱን ዘመድ ማድረጊያ ነበር፤ ጎልማሳ ሰው የጡት ልጅ ይሆናል፣ የጡት አባት ይኖረዋል። ስታይንቤክ የፈለገው ግን ወዲያ ነው፦ ሰውየው ባዕድ እንደ ሆነ ይቀራል፣ ስሙም አይነገርም፣ ዝምድናም አይፈጠርም፣ ወተቱ ግን ይሰጠዋል። ልጅዎ በ1940 የወጣውን የጆን ፎርድ ፊልም ብቻ ብታይ ይህን አታገኘውም፤ ፊልሙ ጎርፉንም ጎተራውንም ትቶ በእናትየዋ ንግግር ያበቃል።

እርማት፦ ባለፈው እትም የጆዶች ልጅ ቶም ጆድ ሰባት ዓመት ታስሮ እንደ ወጣ ጽፈናል። አንድ የመቀሌ አንባቢ እንዳሳሰቡን የተፈረደበት ሰባት ዓመት ነው፤ የታሰረው ግን አራት ዓመት ሲሆን፣ የወጣው በአመክሮ ነው። ነገሩ ከቁጥር ያለፈ ነው፤ በአመክሮ የወጣ ሰው የኦክላሆማን ወሰን ማለፍ አይፈቀድለትምና ቶም ከቤተሰቡ ጋር ለመሄድ ሲወስን፣ ወሰኑን ባለፈበት ሰዓት እንደገና ሕግ ተላላፊ ሆኗል።